ለሾፌሩ የቆሙ ሽማግሌዎች

ባለፈው ሳምንት ከሾላ ገበያ ወደ ቤቴ ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ጎሮ አደባባይ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ትራፊክ ፖሊስ አስቆመው። ሾፌሩ ወርዶ መንጃ ፈቃዱንና ሊብሬውን ሰጠ። ትራፊኩ ሁለቱንም አገላብጦ ካየ በኋላ ወደ መኪናው መጣና መስታወቱ ላይ የተለጠፈችውን የሦስተኛ ወገን መድን ምልክት ጎንበስ ብሎ አነበበ። ራሱን ነቀነቀ። ጊዜዋ ካለፈ ቆይቷል። ያለዚያች ምልክት መንዳት ክልክል ከሆነ ዓመታት አልፈዋል፤ መኪናው ሰው ቢገጭ ማሳከሚያው ከየት እንደሚመጣ የምትናገረው እሷ ናት። ሾፌሩ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ መለመን ጀመረ።

እኛ ውስጥ ተቀምጠን እንጠብቃለን። የመስከረም ፀሐይ በመስታወቱ ገብቶ ያቃጥላል፣ መስኮቱ አይከፈትም፣ እግሬ ሥር ካለው ዘንቢል የገዛሁት ኮረሪማና ቃሪያ ይሸታል። መጀመሪያ ሰዉ ሁሉ ስልኩን ይነካካ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ማጉረምረም መጣ። ማጉረምረሙ ግን በሾፌሩ ላይ አልነበረም።

«ምን ዓይነት ጨካኝ ነው? ሠርቶ አዳሪ ላይ እንደዚህ ይጨከናል?»

«ዛሬ የሚበላው አላገኘ ይሆናል፤ ለዚያ ነው» አለ አንዱ፤ ተሳቀ።

ከኋላዬ የተቀመጠ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካ ወጣት ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። «እማማ፣ እርስዎ ወረድ ብለው ይለምኑልን። እናት ስትለምን እምቢ አይሉም። ፕሊስ እማማ፣ የከሰዓት ሥራ ረፍዶብኛል።»

ከጎኔ የነበረችው ሴትዮ፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማታንስ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች «እውነቱን እኮ ነው። አብረን እንውረድ፤ ሁለት ከሆንን ያፍራል» አለችኝ።

ቀኝ እግሬ ላይ ያለው የቆየ ሕመም ያን ጊዜ ተነሣ ብል ውሸት ይሆናል፤ እሱ ሁልጊዜም አለ። የተነሣብኝ ሌላ ነገር ነው።

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው እዚያው ሾላ ገበያ ጀርባ ነበር። ወላጆቼ ከወሎ የመጡ ናቸው። አባቴ ቀደም ብሎ ስለሞተ እናቴ ድንች፣ ጎመንና በክረምት እሸት በቆሎ እየሸጠች አሳደገችኝ። ገበያተኛው ሁሉ እትዬ ፋጤ ይላት ነበር። ዕቃውን የምታመጣው ከአያት ማዶ ካሉ ገበሬዎች ሲሆን የሚጭንላት ደምሴ የሚባል የጎረቤት ልጅ ነበር። ልጅ እላለሁ እንጂ ጢም ያወጣ ጎረምሳ ነው። አባቱ ጋሽ ተፈሪ ገበያው ውስጥ የእህል መጋዘን ነበራቸው። ደምሴ የአባቱን ሰማያዊ ፒካፕ ሲነዳ አንድ ክንዱን በመስኮት አውጥቶ፣ ለሴት ሁሉ ጡሩንባ እየነፋ ነበር። ሰው ይወደው ነበር። ተጫዋች ነው፣ ለለቅሶ ቤት ድንኳን በነፃ ያመላልሳል፣ አሮጊት ካየ ቆሞ ያሳፍራል። ይህን የምናገረው ለእሱ ብዬ አይደለም። ሰው የሚወደው ሾፌር ምን ያህል በቀላሉ ይቅር እንደሚባል እንድታውቁት ነው።

እኔ በዚያ ዓመት አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ነበር። በሰፈሩ ሮጦ የሚቀድመኝ ወንድ አልነበረም፤ ይህንንም የምናገረው ለመኩራራት ሳይሆን ያጣሁት ምን እንደሆነ ግልጽ እንዲሆን ነው። ለሰውነት ማጎልመሻ መምህርነት ተፈትኜ አልፌ፣ ጥቅምት ላይ ትምህርት ልጀምር እየጠበቅሁ ነበር። አጎቴ እንድሪስ፣ የአባቴ ወንድም፣ «ሴት ልጅ ሱሪ አድርጋ ስትዘል አላህ ሊያሳየን ነው» እያለ ያሾፍ ነበር። እናቴ ግን ከበቆሎው ሽያጭ ነጭ ሸራ ጫማ ገዛችልኝ። ጫማውን አልጋ ሥር አስቀምጬ፣ ጠዋት ጠዋት እያወጣሁ አየው ነበር።

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ አንድ ቀን ከአያት ማዶ በቆሎ ጭነን ስንመለስ እናቴ ጋቢና ከደምሴ ጋር፣ እኔ ከኋላ ጆንያው ላይ ነበርን። ዛሬ ሕንፃ የሞላው የሳሊተ ምሕረት አካባቢ ያኔ ማሳና ጭቃ ነበር። አየሩ እርጥብ አፈርና የበቆሎ ጸጉር ይሸታል፣ ከፊታችን ላም ስትሻገር ደምሴ ፍሬን ከመያዝ ይልቅ ጡሩንባ ይነፋል። እኔ ያኔ ልማዱ ነው ብዬ አስብ ነበር። እዚያው መንገድ ላይ አንድ ትራፊክ አስቆመን፤ አስቆመን ከማለት መኪናዋ አልፋው ሄዳ፣ ራሷ በፈለገችበት ቆመች ማለት ይቀላል።

ትራፊኩ እየሮጠ ደረሰ። ደምሴን አስወርዶ ፍሬኑን በራሱ እግር ረገጠው። ፔዳሉ ወለል ድረስ ወረደ።

«ይህ ምንድን ነው? ፍሬን እኮ የለህም!»

«አለ ጌታዬ፤ ደጋግመህ ስትረግጠው ይይዛል።»

«መድንስ ገብተሃል?»

«መድኔማ መድኃኔዓለም ነው» አለ ደምሴ እየሳቀ። በዚያ ዘመን መድን የሚገባው የፈለገ ብቻ ነበር፤ ግዴታ የሚለው ሕግ ገና አልወጣም። የፈለገ ደግሞ ብዙ አልነበረም።

ትራፊኩ አልሳቀም። መኪናዋ ከዚህ አትንቀሳቀስም አለ። ይህን ሲል እናቴ ከጋቢና ወረደች። መልኳ እስከ ዛሬ ይታየኛል፦ የላስቲክ ጫማዋ በጭቃ ተለውሶ፣ ሻሿን አስተካክላ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ ቀረበችው።

«የኔ ሻምበል፣ አላህ ያክብርህ፣ አላህ ያሳድግህ» አለችው። ሰውዬው ተራ ፖሊስ ነበር። «እናት የለህም? እኔን እናትህን አድርገኝ። በቆሎዬ ይጠወልግብኛል፤ የአባት የለሽ ልጅ ማሳደጊያ እኮ ነው። ነገውኑ ያሠራዋል፤ ወላሂ እኔ ተያዥ!»

ሰውዬው ፊቱን አዞረ፣ መሬት አየ፣ እኔን አየ። «እናቴ፣ ይህቺ መኪና ሰው ትገድላለች» አለ።

«ኧረ አታስበው! ደምሴ ጎበዝ ልጅ ነው።»

በመጨረሻ «ለእርስዎ ስል ነው» አለና መንጃ ፈቃዱን መለሰ። እናቴ ከጆንያው እሸት መዝዛ አሸከመችው። ደምሴ መሪውን እየጨበጠ «እትዬ ፋጤ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር!» አላት። እናቴ ደስ አላት። እስከ ገበያው ድረስ እየሳቁ ሲያወሩ ከኋላ ይሰማኝ ነበር።

ፍሬኑ አልተሠራም። ወሩ ሳያልቅ፣ አንድ ጠዋት፣ ነጩን ሸራ ጫማ አድርጌ ከገበያው በላይ ባለው ቁልቁለት ዳር ዳሩን ስወርድ ከኋላዬ ጡሩንባ ሰማሁ። የማውቀው ጡሩንባ ስለሆነ አልደነገጥኩም። ደምሴ ሰላም ሊለኝ ነው ብዬ ዞር አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙ አልናገርም፤ ቀኝ እግሬ ከጉልበቴ በታች ተሰበረ። ዝናቡ ፊቴ ላይ ሲወርድ ሰማዩን እያየሁ፣ ሰዎች ዙሪያዬን ከበው ሲጮኹ ትዝ ይለኛል። ከጩኸቱ ውስጥ በግልጽ የሰማሁት አንድ ሰው «ወይኔ ደምሴ! ጉድ ሆነ ምስኪኑ ልጅ!» ሲል ነው። ምስኪኑ ልጅ እሱ ነበር። እኔ መሬት ላይ ነኝ።

ደምሴ ታሰረ። እኔ ሆስፒታል ቆይቼ፣ እግሬ እስከ ታፋዬ በጀሶ ተጠቅልሎ ቤት ገባሁ። እንቁጣጣሽ አልፎ በነበረው ሳምንት ሽማግሌዎቹ መጡ።

የሽምግልናን ወግ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ሽማግሌ ቤትህ ሲመጣ ቆሞ ነው የሚለምነው። ተቀመጡ ብትለው አይቀመጥም፣ ብላ ብትለው አይበላም፤ እሺ እስክትለው ድረስ እንደቆመ ይቆያል። ነጭ የለበሰ ሽበታም ሰው ደጅህ ላይ ሲቆም ጎረቤት ያያል፣ አላፊ አግዳሚ ያያል። ከዚያ በኋላ ጥፋተኛው ይረሳና አጥፊው አንተ ትሆናለህ፤ ሽማግሌ አስቆመሃልና።

አራት ነበሩ። ሼህ ከማል፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው፤ የእነደምሴ ንስሐ አባት፣ መስቀላቸውን ይዘው፤ የእድራችን ዳኛ ጋሽ መኮንን፤ አራተኛው አጎቴ እንድሪስ። የገዛ አጎቴ! የአባቴ ወንድም ከእኔ አልጋ አጠገብ መቀመጥ ሲገባው ከእነሱ ጋር በሩ ላይ ቆሟል። ዝናቡ ይወርዳል። ቤታችን ጠባብ ስለነበረ ሁለቱ ደፉ ላይ፣ ሁለቱ ውጭ ናቸው። ከጣሪያው ጠርዝ የሚወርደው ውኃ የሼሁን ትከሻ ይመታል።

እናቴ «ኧረ ግቡ፣ ኧረ በአላህ ተቀመጡ» ትላለች።

«አንቀመጥም ፋጤ» አሉ ጋሽ መኮንን። «የመጣንበትን ሳናገኝ አንቀመጥም። ጥፋቱ ጥፋት ነው፤ አልካድንም። ግን ልጁ ሆን ብሎ አላደረገው። ሠርጉ ደግሞ ለጥቅምት ተቆርጧል፤ ድግሱ ተጠንስሷል። ልጅቱ ማርኩ ትበልና ጣቢያ ሄደን እናስፈታው።»

ሼህ ከማል ቀጠሉ። «ልጄ ዘሐራ፣ ቀደር ነው። አላህ የጻፈው ነው። ማን ይመልሰዋል?»

«ፍሬኑንም አላህ ነው ያላሠራው?» አልኳቸው።

አጎቴ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ።

«አንች ልጅ፣ ምላስሽን ሰብስቢ! ከማን ጋር እንደምታወሪ እወቂ። ወንድሜ ቢኖር ሽማግሌ በዝናብ አያስቆምም ነበር።»

«አባቴ ቢኖር ከእኔ ወገን ይቆም ነበር፤ አንተ ከማን ወገን ነው የቆምከው?»

«ከእርቅ ወገን!» አለ። ቆንጆ አነጋገር ነው። አጎቴ ቆንጆ አነጋገር ያውቅበታል። ከወራት በኋላ በጋሽ ተፈሪ መጋዘን ቁልፍ ያዥ ሆኖ ሲቀጠር ማንም አልተገረመም።

እኔ እምቢ አልኩ። ደጋግሜ አልኩ። ደምሴን ማስገደል አልፈለግሁም። የፈለግሁት አንድ ዳኛ ፊት ቆሞ፣ ፍሬን እንደሌለው እያወቀ እንደነዳ በራሱ አፍ እንዲናገርና መሪ እንዳይጨብጥ እንዲከለከል ነበር። ይህን ለማለት ቃሉን ባላውቀውም ፍላጎቴ ይኸው ነበር። ሽማግሌዎቹ ቆሙ። የሼህ ከማል ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀመረ። ደጃፉ ላይ ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዲት ሴት «ምን ዓይነት ልብ ነው ያላት?» ስትል ሰማሁ። ለእኔ እግር አንድም ሰው በዝናብ አልቆመም። ለእሱ ሠርግ አራት ሰው ቆመ።

ያን ጊዜ እናቴ ወደ አልጋዬ መጥታ አንገቷን ደፍታ ጆሮዬ ላይ ተናገረች። እጇ ጀሶው ላይ ነበር።

«ልጄዋ፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ከሄደ ያ ትራፊክ ይጠራል። ያን ቀን ማን እንዳስለቀቀው ይናገራል። ተያዥ ነኝ ብዬ የማልኩት እኔ ነኝ። ልጇን ያስገጨች ሊሉኝ ነው። ማሪውና ገላግይኝ። ለእሱ አይደለም፤ ለእኔ ብለሽ።»

እስከዚያች ቅጽበት ድረስ ሁለቱን ነገር አገናኝቼ አላየሁም ነበር። እናቴ ግን ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር አላየችም። ከሆስፒታሉ አልጋ አጠገብ ያለቀሰችው ለቅሶ፣ ማታ ማታ ያልተኛችው እንቅልፍ፣ ሁሉም ያኔ ገባኝ። ለአንድ ጆንያ በቆሎ ብላ ያስለቀቀቻት መኪና ልጇን ይዛ እንደመጣች ታውቃለች፤ ሰው እንዲያውቅባት ግን አልፈለገችም።

«ማርኩ» አልኩ። ድምፄ አልወጣም መሰለኝ፤ ጋሽ መኮንን «ምን አለች?» ብለው ጠየቁ። እናቴ ጮክ ብላ «ማርኩ ብላለች!» አለች።

ወዲያው ተቀመጡ። እልል ተባለ። ምርቃቱ ወረደ፤ እግርሽን ይመልስልሽ፣ ከዚህ የባሰ አያምጣብሽ። የተቀቀለ በቆሎና ዳቦ ቀረበ። አጎቴ እንድሪስ በቆሎውን እየፈለፈለ «ዘንድሮ እሸቱ ጣፋጭ ነው» አለ። ይህቺን ቃል አልረሳትም። እነዚያ ሽማግሌዎች ዛሬ ሁሉም ሞተዋል፤ ሞተዋል ብዬ ግን ዝም አልልም።

በማግሥቱ ጣቢያ ተሄደ። መርማሪው «ከታረቃችሁ እኛን ምን ያስጨንቀናል?» ብሎ ደምሴን ለቀቀው። መንጃ ፈቃዱን የነጠቀው፣ መኪናዋ ትመርመር ያለ የለም። ከጋሽ ተፈሪ ቤት «ከእንግዲህ ልጃችን ናት፤ እስክትድን እኛ እናሳክማታለን» የተባለው ነገር እስከ ሠርጉ ድረስ ቆየ። ሠርጉ ካለፈ በኋላ የደምሴ እናት መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «ተሻለሽ አይደል? አዎ፣ ተሽሎሻል» እያሉ ያልፉ ነበር። እግሬ አጥሮ ገጠመ። ለትምህርቱ ለከርሞ ነይ አሉኝ፤ ለከርሞ ስሄድ አካሄዴን አይተው ምንም ሳይሉኝ እርስ በርስ ተያዩ። ተመልሼ ከእናቴ ጎን ድንች መደብ ላይ ተቀመጥኩ።

ይህ ሁሉ ባለበት ቢቀር ኖሮ እስከ ዛሬ እንዲህ አልቃጠልም ይሆናል። አንድ ቀን፣ እናቴ ታማ መደቡን ብቻዬን ስይዝ፣ አንዲት ሕፃን ያዘለች ሴት ድንች ልትገዛ መጣች። ስትመርጥ ቆየችና ቀና ብላ አየችኝ።

«ዘሐራ የምትባይው አንቺ ነሽ?»

«ነኝ።»

«እኔ ቤቴ ገርጂ ነው። ደምሴ ባሌን ገጭቶብኛል። ወገቡን ነው፤ ከአልጋ አይነሣም።» ድንቹን መልሳ አስቀመጠች። «ሽማግሌዎች መጥተው በሬ ላይ ቆሙ። እምቢ ብዬ ነበር። አንደኛው ሰውዬ፣ እንድሪስ የሚሉት፣ ‹የወንድሜ ልጅ እግሯን አጥታ ምራዋለች፣ አንቺ ማን ነሽ?› አለኝ። እሷ ካልጨከነች እኔ ምን ብዬ እጨክናለሁ ብዬ ማርኩት።»

ድንቹን በነፃ ልሰጣት ዘረጋሁላት፤ ሳትቀበለኝ ሄደች። ለእናቴ ብዬ ያወጣኋትን አንዲት ቃል ወስደው፣ የሌላ ሴት በር ማስከፈቻ አድርገዋታል። ለእናቴ ይህን አልነገርኳትም። እናቴን ይቅር ብያት እንደሆነ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ፣ እሱ በእኔና በእሷ መካከል ነው።

እንግዲህ ባለፈው ሳምንት፣ ያ ልጅ «ይለምኑልን» ሲለኝ የመጣብኝ ይህ ነው። ዘንቢሌን አንስቼ ወረድኩ። ከኋላዬ «ጎበዝ እማማ!» ተባለ። አንዳንዱ አጨበጨበ። ሴትዮዋም ተከትላኝ ወረደች። ሾፌሩ ሲያየን ፊቱ በራ፤ ትራፊኩ ደግሞ የሚመጣበትን እያወቀ ተነፈሰ። ወጣት ነው፣ ደክሞታል።

«እናቴ፣ እባክዎ እንዳይለምኑኝ» አለ ቀድሞ።

«ልለምንህ አልመጣሁም ልጄ። መድን ከሌለው አትልቀው።»

የተሳሳተ ነገር የሰማ ይመስል አየኝ። ሾፌሩ «እማማ! ልጆች አሉኝ እኮ!» አለ።

«ሌላውም ሰው ልጅ አለው» አልኩት። «መድን ሳትገባ ልጆቹ በሚሄዱበት መንገድ ላይ አትንዳ።»

ከመኪናው ውስጥ ጩኸት ተነሣ። «ምን ዓይነት ክፉ አሮጊት ናት!» «ተዋት፣ ጃጅታለች!» ማዳመጫ የሰካው ልጅ አንገቱን በበሩ አውጥቶ «ሼም ነው እማማ!» አለኝ። አብራኝ የወረደችው ሴትዮ ከእኔ ራቅ ብላ ቆመች፤ ክፋት የሚተላለፍ በሽታ ይመስል። የቀረውን መንገድ በእግሬ ልሄድ ተነሣሁ። በመንገዱ ዳር በቆሎ የሚጠብሱ ሴቶች ነበሩ፤ ጭሱ ዓይኔን አቃጠለው፤ አልገዛሁም። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት በቆሎ ቤቴ አይገባም።

ብዙ ሳልርቅ ከኋላዬ ጡሩንባ ተነፋ። ከመንገዱ ወጥቼ አጥሩን ተጠግቼ ቆምኩ። ያው ሚኒባስ ነበር፣ ሰው እንደሞላ። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ በእጁ ሰላምታ ሰጠኝ፤ ውስጥ ያሉት ይስቃሉ። እኔ በነበርኩበት ወንበር በኩል ሴትዮዋ በመስኮቱ አየችኝ። ፊቷ ላይ ደስታ ነበር፣ እናቴ ያን ቀን ጋቢና ስትመለስ የነበራት ዓይነት። ሁለት እጇን ዘርግታ፣ አላህ ያሳድግህ ወይም እመቤቴ ትጠብቅህ ብላ፣ እኔ ፊቴን ካዞርኩ በኋላ ያስለቀቀችው እሷ ናት።

ልሰድባት ፈልጌ ነበር። መኪናው አደባባዩን ዞሮ እስኪጠፋ ድረስ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው ያሰብኩት፦ ይህቺ ሴት ጎሮ ውስጥ፣ በዚህ ሰዓት ከትምህርት ቤት የምትመለስ ልጅ ወይ የልጅ ልጅ ትኖራት ይሆን?